«ፑል ኦቨር» ሲሉህ ምን ትረግጣለህ?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ጎማ፣ ቸርኬ... እነዚህ ቃላት የማን ናቸው? «የእኛ ናቸዋ!» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ ዛሬ የእኛ ናቸው። ሲመጡ ግን ከጣልያን ነው የመጡት። ታርጋውም፣ ቦሎውም፣ ቤንዚኑም፣ ጎሚስታውም እንደዚያው ናቸው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፣ በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ጋራዥ የገባው ቋንቋው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም። ደግነቱ መሪው የራሳችን ነው!

«ታዲያ ምን ቸገረ?» ትሉ ይሆናል። በኛው መንገድ ላይ ምንም አይቸግርም። ችግሩ የሚመጣው እንግሊዝኛ ከጎናችን ተቀምጦ ማዘዝ ሲጀምር ነው።

አንድ የሰፈራችን ልጅ ስምንት ዓመት ሙሉ ሚኒባስ ታክሲ ነድቷል። በዝናብ ቀን መገናኛን ሲያልፍ ያየ ሰው «ይሄ ልጅ መኪና ውስጥ ነው የተወለደው» ይላል። በ2011 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶት ዋሽንግተን ዲሲ ገባ። የጽሑፉን ፈተና በአማርኛ ተፈትኖ ባንዴ አለፈ። የመንገዱ ፈተና ላይ ግን ፈታኟ ከጎኑ ተቀምጣ ትንሽ እንደሄዱ «ፑል ኦቨር» አለችው።

«ፑል» መጎተት መሆኑን ያውቃል፣ የባንክ በር ላይ ተጽፎ ስንቴ አይቶታል። «ኦቨር» ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። ምኑን ልጎትት ብሎ ቢያስብ እጁ ላይ የመጣለት የእጅ ፍሬን ነው። ሳበው! መኪናው መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ፣ ከኋላ ክላክስ ቀለጠ፣ ፈተናውም እዚያው አበቃ። «እኔኮ የወደቅሁት መንዳት አቅቶኝ አይደለም፣ መስማት አቅቶኝ ነው» አለኝ በስልክ። ድምፁ ውስጥ የነበረው ንዴት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

«ፑል ኦቨር» ማለት ሌላ ምንም ሳይሆን «ዳር ይዘህ ቁም» ማለት ነው። ወገኖቼ፣ ይሄ ልጅ «ወራጅ አለ!» በተባለ ቁጥር ስምንት ዓመት ሙሉ ፑል ኦቨር ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው! ሥራውን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ያላወቀው ስሙን ብቻ ነው። ለአንድ ስም ብሎ መንጃ ፈቃዱ፣ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ደግሞ ሊቀጠርበት የነበረው ሥራ አመለጠው።

ጥፋቱ የሱ ብቻ አይመስለኝም። እኛ ሃይስኩል የተማርነው እንግሊዝኛ ስም ያስቆጥራል እንጂ አያሳዝዝም። «ካር»፣ «ድራይቨር»፣ «ዊል» እንላለን። የመኪና እንግሊዝኛ ግን ያለው በትንንሾቹ ጥምር ቃላት ውስጥ ነው። «ስሎው ዳውን» ፍጥነት ቀንስ ነው። «ፑል አውት» ከቆምክበት ወጥተህ መንገድ ግባ ነው። «ባክ አፕ» ደግሞ ወደ ኋላ ሂድ ነው። «አፕ» ላይ አልነበር? እዚህ ላይ አይደለም! «ይልድ» ቅድሚያ ስጥ፣ «መርጅ» ከሌላው መስመር ጋር ተቀላቀል ማለት ነው። «ስቴፕ ኦን ዘ ጋዝ» ሲሏችሁም ላምባ ፍለጋ እንዳትሄዱ። የአሜሪካ ጋዝ የኛ ቤንዚን ነው፣ «ነዳጅ ስጠው» ማለታቸው ነው።

ደግሞ እንግሊዝኛው ራሱ ሁለት ነው። የፊቱን ኮፈን የእንግሊዝ ሰው «ቦኔት» ሲለው የአሜሪካው «ሁድ» ይለዋል። የኋላውን አንዱ «ቡት»፣ ሌላው «ትራንክ» ይለዋል። ፍሬቻን አንዱ «ኢንዲኬተር»፣ ሌላው «ተርን ሲግናል» ይለዋል። ስለዚህ ከማጥናታችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር እወቁ።

«አይ፣ እኔ የትም አልሄድም» የምትሉም አትቸኩሉ። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪኩ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፣ የምናውቀው ማርሽም የለውም። ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ፒ ለፓርክ፣ አር ለሪቨርስ፣ ኤን ለኒውትራል፣ ዲ ለድራይቭ። ዜሮ ማርሽ ስንለው የኖርነው አሁን ኤን ሆኗል። ፒን ከዲ የማይለይ ሰው መኪናውን ባያስነሳው ይሻላል።

ይህን ስል ግን እንግሊዝኛ መቀወጫ ይሁን ማለቴ አይደለም። አንዲት ጓደኛዬን እጮኛዋ መንዳት ሊያስተምራት ተነሳ። እሷ ማሠልጠኛ የተማረችው «ፍሪሲዮን» ብላ ነው። እሱ ደግሞ ሠልጥኗልና «ክላች! ብሬክ! ብሬክ አልኩሽ!» እያለ ይጮኻል። እሷ ቃሉን በሐሳቧ እስክትተረጉም መኪናው የሰው ቆርቆሮ አጥር ውስጥ ገባ። ከዚያ «ደደብ» አላት። እሷም ቁልፉን እጁ ላይ አስቀምጣ በእግሯ ሄደች። ቀለበቱን የመለሰችው በሳምንቱ ነው። እኔ አልፈረድኩባትም። ቃሉን የሚያውቀው እሱ፣ ፔዳሉ ላይ ያለችው እሷ! አደጋ ሲመጣ የሚጠራው የነጂው እግር የሚያውቀው ስም እንጂ የሚያምረው ስም አይደለም።

ምክሬ አጭር ነው። ቃላቱን ደብተር ላይ ጽፋችሁ አትሸምድዱ። የቆመ መኪና ውስጥ ሞተር አጥፍታችሁ ተቀመጡ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ጓደኛ ከጎናችሁ ይቀመጥና ይዘዛችሁ። «ፑል ኦቨር» ሲል እጃችሁ ፍሬቻና መሪ ላይ፣ ዓይናችሁ ስፖኪዮ ላይ፣ እግራችሁ ፍሬን ላይ ይሂድ። አፋችሁ ዝም ይበል። እጅና እግር ቃሉን ሲያውቁት ነው የምታውቁት። ፈታኝ ፊት ደግሞ ያልገባችሁን «ሶሪ፣ ሴይ ኢት አጌን» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም፣ ሳይገባ መጎተት ነው ጉዱ።

ያ የሰፈሬ ልጅ በሁለተኛው አልፏል። እንዴት አጠናኸው ብለው፣ «የአክስቴ ልጅ ጎኔ ተቀምጣ ፑል ኦቨር ስትል በሆዴ ወራጅ አለ እላለሁ» አለኝ። ከዚህ የበለጠ መዝገበ ቃላት ከየት ይመጣል?

መልካም መንገድ! ፍሬቻ ማሳየት ግን በየትኛውም ቋንቋ አትርሱ።