ክሬዲቴ እዚያው ቀረ!

እናላችሁ… አሜሪካ ሃይስኩል ሳለሁ ሁለት ዓመት አካውንቲንግ ተምሬ ውጤቴ “ኤ” ነበር። ኮሌጅ ስገባ ያንኑ ትምህርት “ሀ” ብዬ ጀመርኩት! የከፈልኩት ደግሞ እናቴ ሌሊት ፓርኪንግ ቆማ ያመጣችውን ነው። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል አንዷ የክፍሌ ልጅ፣ “የሃይስኩሉን ለምን አላስያዝሽም?” ስትለኝ ክው አልኩ።

ለካ ሃይስኩሉና ኮሌጁ ውል ነበራቸው! ውል ያለበትን የሙያ ኮርስ በተባለው ውጤት ያለፈ ተማሪ ክሬዲት ይያዝለታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታደሰው የፌዴራሉ የሙያ ትምህርት ሕግ፣ “ፐርኪንስ” የሚሉት፣ ራሱ ይህን መንገድ ይደግፋል። ግን ብዙ ቦታ ካላመለከቱ አይሰጥም፤ ጊዜ ገደብ አለው፤ ሌላ ኮሌጅ ከሄዱም ላይሠራ ይችላል። (“ዱዋል ኢንሮልመንት” ሌላ ነው፤ እሱ ገና ሃይስኩል እያሉ ኮሌጁ መዝገብ ላይ ይገባል።) የእኔ ጊዜ አልፎ ነበር። ገንዘቡም አለቀ፣ ትምህርቱንም ተውኩት።

ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ አውቶ ሜካኒክ ይማራል። አማካሪዋ ቢሮ ይዤው ገባሁና፣ “ውሉ ከየትኛው ኮሌጅ ጋር ነው? ስንት ማምጣት አለበት? ፎርሙስ?” እያልኩ አፋጠጥኳት። ልጁ በኔ አፈረ፣ ይፈር! ፎርሙን ሞልቶ ሲፈርም ቆሜ አየሁ።

እናቴ ግን የዚያን ሴሚስተር ጉድ እስከዛሬ አታውቅም።