ሰላዩ ቡና በነጻ ጠጣ

ዛሬ አንድ ቢሮ ወረፋው ሲሰለቸኝ ደብተር አውጥቼ አስቤዛ መጻፍ ጀመርኩ። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ምስር። ቀና ስል መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ስልኳን ደብቃለች። አንድ ኃላፊ ከውስጥ ብቅ አለና «እህት፣ ከየት መሥሪያ ቤት ነው?» አለኝ። መልስ ሳልሰጥ ሽንኩርቱን ከሥሩ አሰመርኩበት። ወንበር መጣ። ጉዳዬም አለቀ!

የጎጎልን ቲያትር «ዋናው ተቆጣጣሪ» ያያችሁ ገብቷችኋል። ሹማምንቱ ራሱን ሰውሮ የመጣ ተቆጣጣሪ ነው ብለው የሚርበተበቱለት ሰው የሆቴል ዕዳ ያለበት ተራ ጸሐፊ ነው። ሹመቱን የሰጠው የነሱ ፍርሃት ነው።

እኔ ይሄን ቲያትር ካርቱም፣ ደይም ሰፈር ውስጥ ኖሬዋለሁ። ቡና ስሸጥ አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ ነጭ ጀለቢያ፣ የታጠፈ ጋዜጣ፣ ዝምታ። በፕሬዚዳንት በሽር ዘመን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው «አምን»፣ የደኅንነት ሰው ነው፣ አለቀ። ኢቃማ (የመኖሪያ ወረቀት) የለኝ፣ የሥራ ፈቃድ የለኝ፣ ከሻ (የፖሊስ አፈሳ) በየት በኩል እንደሚመጣ አላውቅ። ስለዚህ ዝንጅብሉን አበዛለሁ፣ «ያ ሐጅ፣ ሒሳቡን ይተዉት» እላለሁ። ሐጅም ይተዉታል። አንድ ቀን እንኳ «ኧረ አይሆንም» አይሉም! ፋንዲሻ እጨምራለሁ፤ ይበላሉ። የስኳር ዋጋ ጨመረ እያልኩ አጠገባቸው አለቃቅሳለሁ፤ ሁለተኛውን ስኒ ይዘረጋሉ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰላይ ቢሆኑ እንኳ ለቡና አበል አይሰጣቸውም?

አንድ ቀን ጠጋ ብለው «ያ ቢንቲ (ልጄ)፣ እዚያ ማዶ ቢሮ የምታውቂው ሰው አለ?» አሉኝ። ጡረተኛ ናቸው። ፋይላቸው አንድ ፊርማ ጎድሎት «ቡክራ»፣ ነገ ይምጡ፣ እየተባሉ ይመላለሳሉ። ዝም የሚሉትስ? «አንቺን ፈርቼ ነዋ! ቡና በነጻ የምታጠጣ ሴት የአምን ጆሮ ካልሆነች ምንድን ናት?»

በሽር ሲወርድ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ የስለላው መሥሪያ ቤት ስሙን ቀየረ። ቢሮ ሲደነግጥ የመጀመሪያ ሥራው ማኅተም ማስቀረጽ ነው።

ይሄ እኮ መድረክ ላይ መውጣት ነበረበት። ጎጎልን እ.ኤ.አ. በ1836 ዛር ኒኮላይ ራሱ ፈቅዶ አሳይቶታል። ሩሲያ ያደጉት የእኛው ተክለ ሐዋርያት ግን በአውሬ ተረት ሹማምንትን ቢነኩ ቲያትራቸው «ፋቡላ» ታገደ። ኦምዱርማን ብሔራዊ ቲያትር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተ፣ ዓባይ ዳር፣ ከሬዲዮ ጣቢያው ጎን። ኮሜዲያኑ አልፋዲል ሰዒድ አሮጊቷን ቢት ጉደይምን ሆኖ ሱዳንን ያሳቀ ሰው ነው። የሐጅን ሚና ለሱ ነበር መስጠት።

ከዚያ የሚያዝያ 2023 ጦርነት መጣ። የሬዲዮው ግቢ ጦር ሜዳ ሆነ፤ ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በመጋቢት 2024 ነው። እኛም የቻልነው በመተማ ወጣን። ሐጅ የት እንደገቡ ማን ይጠየቃል? የትኛው መስኮት?

ያ ሐጅ፣ ካሉ፣ የቡናውን ትቼዋለሁ። የፋንዲሻውን አልተውም። በቃ፣ ደከመኝ።