ፈረንጁ ሲመለስ የእናቴ ወንበር የት ይሆናል?

ባለፈው ሰሞን እናቴን ይዤ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሆቴል ገባሁ። ስሙ ይቅር። ገና በሩን ሳንሻገር ሥራ አስኪያጁ ራሱ ተነሥቶ ተቀበለን፤ ለእናቴም ወንበር ሳበላት። ቡናው ከነዕጣኑ መጣ። አስተናጋጁ «የሚጨመር አለ እማማ?» እያለ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ምነው ዛሬ ንግሥት ሆንሁ?» አለችኝ።

ነገሩ ገብቶኛል። ከዓመታት በፊት እዚሁ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ግማሽ ሰዓት ያህል ዞር ብሎ የሚያየን ጠፍቶ ነበር። ከእኛ በኋላ ለመጡ ሁለት ፈረንጆች ግን በደንብ ሳይቀመጡ ሜኑ ቀረበላቸው። ያን ቀን እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «ተነሥ ልጄ፣ ቤታችን ቡና አለ» አለችኝና ወጣን።

በመካከሉ ምን ተለወጠ? ፈረንጁ ቀረ። በ2012 ኮቪድ መጣ፤ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ክልላችን ራሱ ግጭት ውስጥ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ መዝገብ ብቻውን ግን አልጋ አይሞላም። የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን የጣልን ሰዎች፣ ዛሬ የወደቀውን ጎንበስ ብለን እየለቀምን ነው።

ኮሌጅ ሳለሁ «ውድድር ጥራትን ያመጣል» ተብዬ ተምሬያለሁ። ጎንደር ውስጥ ግን ውድድር መቼ ጠፋ? ሆቴሉ በሆቴል ላይ ተሠርቷል። ችግሩ ፉክክሩ እንግዳውን ለመንከባከብ ሳይሆን እንግዳውን ለሚያመጣው ሰው መሆኑ ነበር። ሾፌሩና ደላላው ኮሚሽን ወደሚከፈላቸው ቤት ይነዱታል። ፈረንጁ ደግሞ ፋሲልን አይቶ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አይቶ፣ ስሜን ወጥቶ ይሄዳል፤ ዳግመኛ አይመጣም። የማይመለስን ሰው ማስከፋት ኪሳራው አይታይም። ሁልጊዜ የምንመለሰው እኛ ነበርን፤ ግን ማን ቆጠረን?

አስተናጋጁንም ብቻዬን ቆሜ አልኮንነውም። ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይከፍል ከሆነና ቀሪውን ከጉርሻ እንዲያገኘው ከተተወ፣ አሠሪው «ዶላር የያዘውን እይ» ብሎታል ማለት ነው። ልጁ የታዘዘውን ፈጸመ።

ደባርቅ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጡ ጋዜጠኞችን አጅቤ ከሳንቃ በር ወደ ጨነቅ ተጓዝሁ። ዕቃ የጫኑልን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንዷን እንግዳ ከፍታው ሲያማት ጋቢያቸውን አልብሰው፣ በቅሎ ላይ አስቀምጠው፣ እርሳቸው በእግራቸው እየደገፉ አወረዷት። በሌላ ጊዜ ስመለስ ግን የደረሰን ሌላ ሰው ነው፤ ሻንጣችን ዝናብ ላይ አደረ። ሽማግሌውን ከተማ ውስጥ አግኝቼ «ምነው አንቱ አልመጡም?» ብላቸው፣ «ተራዬ አልደረሰማ ልጄ። ደግ ሠራ ተብሎ ተራ አይታለፍ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በቅሎ የሚወጣው በተራ ነበር፤ ጥሩው ጫኝም ሰነፉም እኩል ይጠብቃሉ። እኔም ያን ጊዜ «ተራው ይፍረስ» ብዬ ነበር። ዛሬ አልልም። ተራ ባይኖር ሥራው ሁሉ እንግሊዝኛ ለሚሞክረው፣ ስልክ ላለው፣ አስጎብኚ ለሚዛመደው ይሄዳል። እኒያ ሽማግሌ ምናልባት አንድም ጉዞ አይደርሳቸውም ነበር። ተራ ለደጋው ገበሬ እንጀራ ነው።

ስለዚህ ጎንደር ያለ ልክ ተፎካከረች፤ ደባርቅ እኩል ተካፈለች፤ በሁለቱም ቦታ ግን የተስተናገደው ሰው ቃል ወደ ሠራተኛው አልደረሰም። የጎደለን ይህ ነው። ተራው ይቆይ፤ ነገር ግን ሻንጣ ዝናብ ላይ ያሳደረ ሰው አንድ ተራ ይለፈው፤ ጋቢውን ያለበሰውን በስሙ የሚጠራ እንግዳ ሲመጣም ይፈቀድለት። ሆቴሉም ለአስተናጋጁ የሚያኖር ደመወዝ ይክፈል፤ ለደላላ የሚሰጠውን ኮሚሽን ከዚያ ይጀምርበት። ከአዘዞና ከማራኪ እየመጣ ቡና የሚጠጣውን ሰው ቅሬታ ይስማ። ይህን ለማድረግ ሰላም እስኪወርድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ቤቱ ጭር ባለበት ጊዜ ነው የሚጀመረው።

ድሮ አባቶቻችን «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ያለን ሰው ከየት መጣህ፣ ምን ይዘሃል ሳይሉ ያሳድሩ ነበር። ያን ባህል ለሆቴል ግድግዳ ጌጥ አደረግነው እንጂ ለአሠራር አላዋልነውም።

ስንወጣ ሥራ አስኪያጁን «ሰላም ወርዶ ፈረንጁ ቢመለስስ?» አልሁት። ሳቅ ብሎ «ያኔም ኑ» አለን።

እናቴ ቀድማኝ መለሰችለት፦ «እኛማ እንመጣለን ልጄ። ማየቱን እናንተ አትርሱ።»