የጾም ገበታና ልጆቻችን

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሳይነሣ፣ በዴም ሰፈር እንኖር በነበረበት ዘመን፣ በዐቢይ ጾም ልጆቻችን ሽሮና ጎመን አንበላም ብለው ከሱ። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በጾም ሕግ ባይገደዱም፣ ሁለት ዓይነት ወጥ ለመሥራት አቅማችን አልፈቀደም። ተቈጣን፤ ለመንን፤ ቍጣችን ግን ጎመኑን ይብሱን አስጠላቸው።

ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን ሌሊቱን ሙሉ ሲበስል ያደረውን ባቄላ፣ ፉል የሚሉትን፣ ልጆቿ በጠርሙስ መቀመጫ እንዲደቍሱት ትሰጣቸው ነበር። የእኛዎቹም ገቡበት። ከሙን ነስንሰው፣ የሰሊጥ ዘይት አፍስሰው፣ ሳሕኑን ጠርገው በሉ፤ በአገራቸው ባቄላ አፍንጫቸውን ሲነፉ የነበሩት እነዚሁ ልጆች!

በማግሥቱ የሽሮውን ማማሰያ ለእነርሱ ለቀቅንላቸው። ታናሺቱ «እኔ የሠራሁት ነው» ብላ ለወንድሟ እንኳ ማካፈል አቃታት። ጎመኑን ግን እስከ ፋሲካ አልቀመሰችውም።