በአማርኛ ንገሪኝ

ባለቤቴ መጋቢ እንደ መሆኑ ቤታችን ከሰው ተለይቶ አያውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ተራው የተማሪዎች ነው። ስድስት ሰባት የሚሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም በእንግሊዝኛ መጻፍን አስጠናቸዋለሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ጽሑፍ የምናቀርበው በእንግሊዝኛ ስለ ነበር፣ ባዶ ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስፈራ አውቀዋለሁ።

"ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩት በእንግሊዝኛ አይደል እንዴ?" የሚሉኝ ወላጆች አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጆቻችን መልስ ማጥቆር እንጂ መጻፍ እምብዛም አይለማመዱም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንኳ ምርጫ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ መሆኑን አንርሳ።

እኔ ዘንድ ማንም በእንግሊዝኛ አይጀምርም። ሊጽፍ ያሰበውን መጀመሪያ በአማርኛ ይነግረኛል። ከዚያ ግሡን እንፈልጋለን። የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ የእነርሱ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይመጣል። ይህ በቶሎ ይገባቸዋል። የሚያስቸግረው ባለቤቱ ነው (የዓረፍተ ነገሩን ማለቴ ነው፤ መጋቢው እንዳይቀየሙኝ!)። እኛ "ራበኝ"፣ "በረደኝ"፣ "ናፈቀኝ" እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን የራበውና የናፈቀው ሰው ራሱ ባለቤት ይሆናል።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ፤ እናቷ ለሥራ ቤይሩት ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏታል። ስለ ቤተሰቧ ስትጽፍ "ማይ ማዘር ሚስድ ሚ" አለች። በሰዋስው ምንም አይወጣለትም፤ "ራይት" አድርጎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን "እስቲ በአማርኛ ንገሪኝ" አልኳት።

"እናቴ ናፈቀችኝ" አለች ቀስ ብላ።

የጻፈችው ግን "እናቴን ናፈቅኋት" የሚል ነበር። ልዩነቱን ሳስረዳት ዝም ብላ ወረቀቱን ስታይ ቆየችና "ታዲያ የቱን ልሰርዝ?" አለችኝ። አንዱንም እንዳትሰርዝ፣ ትክክለኛውን ከሥሩ እንድትጨምር ነገርኳት።

የተወደዳችሁ ወላጆች፣ እንግሊዝኛ ባትችሉም ይህን ጥያቄ እናንተም ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ልጃችሁ የጻፈውን አምጥቶ ሲያሳያችሁ "ምን ለማለት ፈልገህ ነው?" በሉትና እስኪጨርስ ስሙት። ቀይ እስክሪብቶ የምታነሡ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ቀን አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ አርሙ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የታረመበት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት መስመር ብቻ ጽፎ ይመጣል፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ያቺ ልጅ በተከታዩ ቅዳሜ ለእናቷ የተጻፈ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ስሕተቱ ብዙ ነበር። በዚያ ቀን አብረን ያረምነው የኃላፊ ጊዜ ግሦችን ብቻ ነው።