ሲስተም የለም

“ሲስተም የለም!” አለችኝ ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ፤ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሱቅ ሻጭ “ስኳር የለም” ይል በነበረበት ድምፅ። የእህቴን ልጅ ትራንስክሪፕት ልቀበል ሄጄ ነው። እሷ ማመልከቻውን በስልኳ ሞልታለች፤ ክፍያውንም በቴሌብር ፈጽማለች። የቀረው፣ የከፈለችበትን ደረሰኝ በወረቀት አሳትሞ፣ ማኅተም አስመትቶ ማምጣት ብቻ ነው! ለምን ቢሉ፣ “ለፋይል”።

ብናደድ ያምርብኝ ነበር። ግን ይቺን አሠራር ካበጃጇት ሰዎች አንዱ እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ዝም ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

በ2000 ዓ.ም. ግድም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ቢፒአር የሚሉት ነገር የገባ ጊዜ፣ ሥነ ጽሑፍ አስተምርበት በነበረው ዩኒቨርሲቲ ለተቋቋመው ኮሚቴ እኔም ተመረጥኩ። የሐሳቡ አባት ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጽሑፍ፣ ያረጀን አካሄድ ኮምፒውተር አልብሶ ከማፍጠን አካሄዱን ራሱን መጣል ይሻላል ባይ ነው። እኛ ጽሑፉን አላነበብነውም። አበላችንን እየተቀበልን በትልልቅ ወረቀት ላይ ቀስት ስንሥል ከረምን፤ “ነባሩ አሠራር” በቀይ፣ “አዲሱ አሠራር” በአረንጓዴ።

የትራንስክሪፕቱን ሂደት ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ሬጅስትራሩን አብጠለጠልኩት። ይሄ ፊርማ ለምን? ያ መዝገብ ለምን? ጭብጨባ ሁሉ ነበረው። ከኋላ ወንበር ላይ የሪከርድ ክፍሏ ወይዘሮ ተቀምጠዋል። ሃያ ምናምን ዓመት ያገለገሉ ሰው፣ “የታችኛውም ሠራተኛ ይሳተፍ” ተብሎ ለዚያች ቀን ብቻ ነው የተጠሩት። እጃቸውን አወጡ።

“መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ የመጀመሪያው ቀስት የሚነሳው ከየት ነው?”

“ከሬጅስትራር ነዋ!”

“ከመምህራን መሳቢያ ቢነሳስ?”

አዳራሹ ጭጭ አለ። አሠልጣኙ “የሻይ ሰዓታችን ደርሷል” ብሎ ገላገለኝ።

ለሌላው ባይገባውም ለእኔ ገብቶኛል። በ1998 ዓ.ም. አንድ ተመራቂ ተማሪ ታሞ ሰንብቶ የተፈተነው ፈተና መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ወር ከርሞ ነበር። ማታ ማታ በግል ኮሌጅ አስተምራለሁ፣ ቤት እቀይራለሁ፤ ምክንያትማ መቼ ይጠፋል! ውጤት ያልገባለት ተማሪ መዝገቡ ላይ ኤን.ጂ. ይጻፍበታል፤ ኤን.ጂ. ያለበት ደግሞ አይመረቅም። የልጁ እናት ድፎ ዳቦ ጋግረው ከደብረ ታቦር መጥተው ነበር። ልጃቸው ጋውን ሳይለብስ በር ላይ ተቀበላቸው። ይህን የነገሩኝ ወይዘሮዋ ናቸው፤ በዚያችው የሻይ ሰዓት፣ ስኳራቸውን እያማሰሉ፣ ሳይቆጡ። ያን ሰሞን ቢሮዬ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው አጥተውኛል።

ታዲያ ሥዕሉን አስተካከልኩት? የለም። ቀስቱ ከሬጅስትራር እንደተነሳ ጸደቀ። የመምህራንን መሳቢያ መነካካት የአካዳሚክ ነፃነትን የሚጋፋ መሰለና ማንም አላነሳውም፤ እኔም ጭምር። ለሬጅስትራር ሠራተኞች ግን በየጠረጴዛቸው ስማቸው ተለጠፈ፤ አንድ ጉዳይ የሚፈጀው ደቂቃም ግድግዳ ላይ ተጻፈ። የኛን ቀንና ወር የጻፈ የለም።

ቢፒአር ሄዶ ቢኤስሲ መጣ፤ ካይዘን ተከተለ። አሁን ደግሞ ሁሉም ነገር ዲጂታል ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበት መንገድ ተከፍቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቀዳሚው ሆኗል። ግዢና ቅጥር ከላይ ፈቃድ ሳይጠበቅ ቢሠራ ደግ ነው፤ ለአንዲት ፕሪንተር ቀለም መንፈቅ የጠበቅኩ ሰው ይህን አልቃወምም። አሁንም ግን ሥዕሉን የሚሥሉት እንደኔ ያሉ፣ መስኮቱ ጋ ቆመው የማያውቁ ሰዎች እንዳይሆኑ እሰጋለሁ። የሪከርድ ክፍሏን ወይዘሮ የመሰሉት ጡረታ ወጥተዋል። እሳቸው የሚያውቁትን ማን ጠይቆ እንደመዘገበው እንጃ።

ሲስተሙ ከሰዓት በኋላ መጣ። ልጅቷ ደረሰኙን ተቀበለችኝ፤ ማኅተሙን አየች፤ ኮምፒውተሯን ነካካች።

“ጋሼ፣ የአንድ ኮርስ ውጤት አልገባም እኮ። መምህሩ አላስገቡም።”

“እስካሁን?”

“እኛ ጋ ያለው አልቋል” አለችኝ፤ እውነቷን ነው።

የመምህሩን ቢሮ ጠየቅኳት። ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ደረጃውን እያረፍኩ ወጣሁት። በሩ ተቆልፏል።