በጉ ለበዓል

ቤክስሊ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ሜይን ጎዳና ላይ ድሬክስል የሚባል ከ1937 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ጀምሮ የቆመ ሲኒማ ቤት አለ። በደጃፉ ባለፍን ቁጥር እናቴ «የአማርኛ አያሳዩም?» ትለኛለች።

ጥያቄዋ አያስቅም። አዲስ አበባም ቢሆን የአማርኛ ፊልም በሲኒማ ቤት ማየት የተለመደው ዘግይቶ ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1965 ከታየ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የፊልም ጥቅሉ ውድ፣ ማጠቢያውም ውጭ አገር ነበርና። ከ2000 ወዲህ የቪዲዮ ካሜራ ወጪውን ሲያቀለው፣ የህንድና የአሜሪካ ፊልም ሲያበሉን የኖሩት አዳራሾች በአማርኛ ፍቅርና ቀልድ ተሞሉ።

ለእኔ ዓመቱ 2015 ነው። በዚያ ዓመት የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ወረፋ የሚያስይዙት ግን የቀልድና የፍቅር ፊልሞቹ ነበሩ። እኔ እንኳ የቀልዶቹ ወገን ነኝ፤ ሲደክመኝ መሳቅ እፈልጋለሁ።

«ላምብን» ያየነው ቤታችን ውስጥ፣ ከእናቴና ከአሥር ዓመት ልጄ ጋር ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ በድርቅ ሞታበት፣ አባቱ ከዘመድ ዘንድ ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። አጎቱ ደግሞ ልጁ የሚወደውን በግ ለበዓል ሊያርድ ያስባል። ልጁ ምግብ ማብሰል ይችላል፤ ሳምቡሳ እየሸጠ ማምለጫ ገንዘብ ያጠራቅማል።

ወሎ ያደገችው እናቴ «በግ ለበዓል ካልታረደ ለምን ይረባል?» አለች። አማርኛ የማይሆንለት ልጄ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበበ እንባው ቀርቦ ነበርና «ምን አለች?» አለኝ። ተረጎምኩለት። ተቆጣ። ቁጣውን ደግሞ ለእሷ ተረጎምኩላት። አስተርጓሚነት እንዲህ ያለ ጣጣ አለው።

እናቴ ዝም አለች። ቆይታ «በ77ቱ ድርቅ አንድ በግ ቀርቶን ነበር። ልናርደው ቀን ስንቆጥር ታናሽ ወንድሜ ቀደመን፤ አልቀመሰውም» አለች።

ታናሽ ወንድም እንደነበራት አላውቅም ነበር።

«አሁንስ ምን አለች?» አለ ልጄ። «ስለ በግ ነው» ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ፊልሙን አቁሜ ሁሉንም ነገርኩት። ተነሥቶ አጠገቧ ተቀመጠና በተሰባበረ አማርኛ «ስሙ ማን ነበር?» አላት። ነገረችው።

ቀሪውን ፊልም በማግስቱ ጨረስነው።